ወይዘሮ ሥራነሽ ከነፃነት ጋር የገጠሙት ሙግት

የክርስትና እናቴ ወይዘሮ ሥራነሽ «የሴቶች ነፃነት» የሚባለውን ነገር አይወዱም ነበር። አይወዱም ስል እንደ ብዙ ሰው ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጠቁራሉ ማለቴ አይደለም። ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለምን እንደማይወዱት ያስረዱ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ የምመታ የሃያ ሁለት ዓመት ደመወዝተኛ ሴት ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩ እኔንም ይነካል፤ እሳቸውም እንዲነካኝ ነበር የሚናገሩት። እሳቸው ወደሚኖሩባት ወደ አማኑኤል ከተማ በሄድኩ ቁጥር ሳልከራከራቸው ተመልሼ አላውቅም። አሸንፌያቸውም ተመልሼ አላውቅም።

ዛሬ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲነታረኩ ስሰማ ሁለቱም ወገን ያናድዱኛል። አንዱ የድሮዋን ሴት ሁሉ ጉሮሮዋን ታንቃ የኖረች ያስመስላታል፤ ሌላው ያን ዘመን ገነት ያደርገዋል። ሁለቱም ወይዘሮ ሥራነሽን አያውቋቸውም።

የተወለዱት ደብረ ኤልያስ አጠገብ ነው። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ተዳሩ። የመጀመሪያው ባላቸው ዱላ የሚቀናው ሰው ነበር። አምስት ዓመት ታገሡት። በስድስተኛው ሽማግሌ አስጠርተው፣ ሰማንያቸውን አፍርሰው፣ አብረው ካፈሯቸው ስድስት ከብቶች ሦስቱን እየነዱ ወደ አባታቸው ቤት ገቡ። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አይልም። «ሦስቱን እየነዳሁ ወጣሁ» ይላሉ፣ በቃ።

ሁለተኛው ባላቸው ባምላኩ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ የሚያርስ ዝምተኛ ገበሬ ነበር። ከእሱ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖሩ። «ባምላኩ ሲወስን አይቼው አላውቅም፤ ሰው ፊት የሚናገረው ግን እሱ ነበር» ይሉ ነበር፣ እየሳቁ። አምስት ወልደው የተረፈላቸው መንግስቱ ብቻ ነው። ባምላኩም ለዘመድ ለቅሶ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት መጣና በሁለት ሳምንት ሞተ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሥራነሽ የቀራቸው አንድ ልጅና አንድ ቤት ነው፤ ሁለቱንም እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቁት።

መንግስቱ የአባቱን ጠባይ ወርሷል። ያገባት የቁይ አገር ልጅ ጥላነሽን ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ሠርጉ ይቆይ ብለው ከሁለቱም ወገን ዘመድ ጋር የተጣሉት ራሳቸው ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ተሠርቶ፣ አማት በአንዱ፣ ባልና ሚስት በሌላው ይኖሩ ነበር። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ግን ይዋደዱ ነበር፤ ባይዋደዱ ይህ ሁሉ ነገር ባልመጣም ነበር። ጥላነሽ እጇ የተባረከ ነው። የቀሚስ አንገት ጠልፋ ስትጨርስ ሴቶች ንድፉን ለማየት ከደብረ ኤልያስ ድረስ ይመጡ ነበር። አማትየዋ ጥልፉን ለእንግዳ እያሳዩ «ይህን ያየ ሰው ሌላ ጥልፍ አይጥመውም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ አንዲት የሴቶች ማኅበር ተናጋሪ አማኑኤል መጣች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሴት በሴት ሆነ። ሴትየዋ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ረጅም ተረከዝ ጫማ ያደረገች፣ አንደበቷ የተባ ነበረች። የኢትዮጵያ ሴት በቤቷ ባሪያ ናት አለች፤ ባሏ ጌታዋ ነው፤ ነፃ የምትወጣው ተምራ፣ የራሷን ደመወዝ ስታገኝ ነው አለች። እኔ በእረፍት ቀኔ መጥቼ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አጨበጨብኩ። ከፊት የተቀመጡት የክርስትና እናቴ ግን እጃቸውን አነሡና ተነሡ።

«ልጄ፣ አንቺ እስክትጨርሺ ነው የጠበቅሁሽ» አሉ። «እኔ ከእናቴም ከአባቴም ርስት ወርሻለሁ። ባል ሳገባ የአባቴን ስም አልጣልኩም። ባሌ ቢበድለኝ ግማሼን ይዤ ወጥቻለሁ። ይህን ሁሉ አያቴም ነበራት። አንቺ ዛሬ የምታመጪልኝ ምንድን ነው?»

ሴትየዋ እንደገና ስለ ደመወዝ ተናገረች። ወይዘሮ ሥራነሽም መለሱላት። የእሳቸውን ነገር ባጭሩ ላድርገው፦ ባልና ሚስትን እንደ ባላጋራ ፊት ለፊት ታቆማላችሁ፤ ማን ምን ያህል ሠራ፣ ማን ምን ያህል ወሰደ እየተባባሉ የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው እንጂ ባልና ሚስት አይደሉም። ባል ቢሮ፣ ሚስት ቢሮ፣ ልጅ ከሞግዚት ጋር ሲውል፣ ያ ቤት የማን ቤት ነው? ቤት መጠበቅን ባርነት ብሎ የጠራው ሰው እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር የረሳ ነው። ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔ ለእሳቸው አላጨበጨብኩም፣ ግን ለተናጋሪዋ ማጨብጨቤን አቆምኩ።

ተናጋሪዋ ብልህ ነበረች። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ፣ በትሕትና፣ «እርስዎ በስንት ዓመትዎ ነው የተዳሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«በአሥራ አንድ» አሉና ተቀመጡ።  ኋላ ብቻችንን ስንሆን እንኳ ለዚህ መልስ አለኝ ብለው አያውቁም፤ ውሸት አይችሉበትም ነበር።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ማኅበሩ ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአምስት ወር የልብስ ስፌት ትምህርት ከፍቶ ኖሮ፣ ተናጋሪዋ የሚፈልጉ ሴቶችን ስም መዘገበች። ጥላነሽ አስመዘገበች። ባሏን ስትጠይቀው «እኔ ደስ ይለኛል፤ ግን እናቴን አማክሪያት» አላት። መንግስቱ ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ወይዘሮ ሥራነሽ እምቢ አሉ። ምክንያታቸው ብዙ ነበር፤ አንዱም ቀልድ አልነበረም። ጥቅምት ነው፣ መኸር ደርሷል፤ የጥላነሽ ልጅ ወለተ ሚካኤል ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስፌቱን እዚሁ ቤቷ መማር ትችላለች። ከሁሉ በላይ ግን የፈሩት ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ ሄዳ የዚያችን ሴት ንግግር አምስት ወር ስትሰማ ከርማ፣ ባሏን በሌላ ዓይን ልታይ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል» አሉኝ ሲነግሩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ጥላነሽ ሄደች። የአማቷ የጽዋ ማኅበር ቀን ነበር፤ እሳቸው ጠዋት ወጡ፣ መንግስቱ ሚስቱን እስከ አውቶብሱ ሸኛት፣ ልጅቱን ይዞ ተመለሰ። ወይዘሮ ሥራነሽ ከማኅበር ሲመለሱ ቤቱ በርዶ ጠበቃቸው። ተነግሯቸው ቢሆን ይቆጡ ነበር፣ ይረግሙም ይሆናል፣ ግን ይመርቁ ነበር። ሳይነገራቸው መሆኑ አንጀታቸውን ቆረጠው።

ጥላነሽ ያረፈችው እኔ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አልጋው አንድ ስለሆነ መሬት ላይ ተራ በተራ እንተኛ ነበር። ስፌቱን በሁለት ወር ከአስተማሪዋ እኩል ሆነች። የስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ እግሯና እጇ አንድ ላይ ሲሄዱ ማየት ደስ ይላል። ማታ ማታ ግን ስለ ልጇ ሳታወራ አትተኛም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ደግሞ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ክፍሉን ጠርጋ፣ በሩን ከፍታ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ምን እንደሆነች አልገባኝም ነበር። ሽማግሌ እየጠበቀች ነበር።

በእኛ አገር ሚስት ከፍቷት ከቤቷ ከወጣች፣ ባል ሽማግሌ ይልክላታል። ሽማግሌዎቹ ይለምናሉ፣ የበደለው ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷም በክብር ትመለሳለች። ማንም ሳይልክላት በራሷ እግር የተመለሰች ሴት ግን እስከ ዕድሜ ልኳ አንገቷን ደፍታ ትኖራለች። ጥላነሽ አማቷ ሳይመርቋት መውጣቷ እንደ ኩርፊያ እንደሚቆጠር የቤቱ ሰዎች ያውቁልኛል ብላ ነበር። መልእክት ልላክላቸው ብላት አይሆንም፣ እነሱ ናቸው መላክ ያለባቸው አለችኝ። ያቺ ነፃ ወጣች የተባለች ሴት ከአያቶቿ ሕግ ላይ ጣቷን አላነሣችም።

እኔ በገና ሰሞን አማኑኤል ሄጄ ነገሩን ለክርስትና እናቴ ነገርኳቸው። ሽማግሌ እየጠበቀች ነው አልኳቸው።

«የኮረፈች ሴት አባቷ ቤት ነው የምትገባ» አሉኝ። «ይቺ የገባችው ከኪራይ ቤት ነው። በኩርፊያ የሄደችን ሽማግሌ ይመልሳታል። በነፃነት የሄደችን ማን ይመልሳታል? መንገዱን ታውቀዋለች።»

መንግስቱንም እንዳይልክ ከለከሉት። ክፋት አልነበረም። ሕጉን እያስከበሩ መስሏቸው ነበር። ሕጉን በልባቸው የሚያውቁ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ ተቀምጠው ሕጉን ሲጠባበቁ ሦስት ወር አለፈ። የቆጨኝ ነገር ቢኖር አፌን ሞልቼ አለመናገሬ ነው።

መጋቢት ላይ ትምህርቱ አለቀ። ማኅበሩ ጥላነሽን ባሕር ዳር አስተማሪ አድርጎ ሊቀጥራት ደብዳቤ ሰጣት፤ መልስ እንድትሰጥ አሥር ቀን ተሰጣት። ደብዳቤውን ስታነብ ፊቷ አልበራም። አጥፋ ከትራሷ ሥር አደረገችው። እኔ ወሬውን በአውቶብስ ሰው አማኑኤል አደረስኩ፤ ይህን በማድረጌ አልጸጸትም።

አማኑኤል ላይ ወሬው እንደ ፍች ተሰማ። የባምላኩ ታላቅ ወንድም አያ ገብረ ማርያም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡና ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ጥላነሽ ባሕር ዳር ልትገባ ከሆነ ሰማንያው ይፍረስ፤ ልጃችንም ብቻውን አይቀር፣ ሌላ እንፈልግለት አሉ። ከብቱን መደቡ፤ ለጥላነሽ የሚደርሳትን ለዩ፤ በዚህ አንዲት ቅንጣት አላጓደሉባትም። ከዚያ አያ ገብረ ማርያም በወይዘሮ ሥራነሽ ጉልበት ላይ የተቀመጠችውን ወለተ ሚካኤልን እያዩ፣ «ሕፃኗስ ለማን ትሁን?» ብለው ጠየቁ።

የዚያን ጊዜ መንግስቱ ተናገረ። በሽማግሌ ፊት ሲናገር ሰው ያየው ያን ቀን ነው ይባላል። «እኔ ሚስቴን አልፈታሁም» አለ። «ሂድና አምጣት የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ይህን ያጫወቱኝ ራሳቸው ወይዘሮ ሥራነሽ ናቸው። ልጃቸው የተናገረው ከራሳቸው በቀር ለማንም እንዳልሆነ ገባቸው። ያ ሁሉ ወር ነፃነት ቤቴን አፈረሰብኝ ሲሉ ከርመዋል። አሁን ግን ሽማግሌው ከብት ሲመድብ፣ ሕፃን ሲያከፋፍል ያዩት፣ የተናጋሪዋን እጅ ሳይሆን የራሳቸውን አልልክም ባይነት ነው። ያቺ ሴት ንግግር አደረገች፤ ሽማግሌ የከለከሉት እሳቸው ናቸው።

«አያ ገብረ ማርያም፣ ይቅር። ቤቱ አይከፈልም» አሉ። «ደብረ ማርቆስ ሄዳችሁ ለምኑልኝ።»

አያ ገብረ ማርያም ግራ ገባቸው። ሽማግሌ የሚሄደው ለበዳይ ነው፤ መንግስቱ የበደላት ነገር የለም፤ ታዲያ በዳዩ ማን ነው አሉ። ወይዘሮ ሥራነሽ «እኔ ነኝ» አሉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አማት ምራቷን ይቅርታ ስትጠይቅ አልሰማንም፣ የሌለ ነገር አናመጣም ብለው ተነሥተው ሄዱ። በልማድ በኩል ልክ ነበሩ። ወይዘሮ ሥራነሽ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት ልማድ፣ በጨነቃቸው ቀን የሚልኩት ሰው አሳጣቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥላነሽ ክፍሉን ጠርጋ በሩን ከፍታለች፤ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ደብዳቤው መልስ የሚፈልገው ሰኞ ነበር። ቀና ስል፣ የክርስትና እናቴ ከደጃፋችን ላይ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ማጅራታቸው ላይ የክንድ ርዝመት ያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። ነፍስ ያጠፋ ሰው ለደመኛው እንደሚሸከመው ማለት ነው። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም፤ ቃል አይተነፍሱም፤ ድንጋይ የተሸከመ ሰው እስኪጠይቁት አይናገርምና። አጠገባቸው ሽማግሌ የለም። ብቻቸውን ነበሩ።

 ጥላነሽ ሮጣ ድንጋዩን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እሳቸው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«እናታለም፣ ምን መሆንዎ ነው? ያውርዱት» አለቻቸው፤ ማልቀስ ጀምራለች።

«ይቅር ሳትይኝ አላወርድም» አሉ። «ይቅርታ የምጠይቅሽ ሽማግሌ ስላልላክሁልሽ ነው። ስለ ተናገርኩት አይደለም። እሱን ገና እንጣላበታለን።»

እኔ ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። ጥላነሽ ግን አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ቆመች። አምስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ነገር መጥቷል፤ አሁን የእሷ ተራ ነው።

«ባሕር ዳር እገባለሁ ብልስ?» አለች።

«እመርቅሽና እመለሳለሁ። ልጅሽን በሳምንቱ አደርስልሻለሁ፤ ልጅ ከእናቷ ትደግ።»

«እንዲያ ከሆነ ዛሬ ለምን አላመጧትም?»

ወይዘሮ ሥራነሽ ድንጋዩን እንደ ተሸከሙ አንገታቸውን በመከራ ቀና አደረጉ። «እሷን አዝዬ ብመጣ» አሉ፣ «እምቢ ማለት ትችይ ነበር?»

 ጥላነሽ ሁለት እጇን ሰድዳ ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣች፣ መሬት አስቀመጠችው፣ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም ግንባሯን ሳሟት። ጾም ስለሆነ፣ ቅዳሴም ስላልወጣ፣ የሚቀመስ ነገር አላቀረብንም፤ ውኃም አልጠጡም። አልጋው ላይ ተቀምጠው ማጅራታቸውን እያሹ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀሚስ ዓይተው፣ ይህን አንቺ ነሽ የሰፋሽው ብለው ጠየቁ። ተነሥተው ስፌቱን ገልብጠው መረመሩት። እንከን አጡለት፤ ይህም ትንሽ አናደዳቸው መሰለኝ።

የከሰዓቱን የአማኑኤል አውቶብስ ሦስታችንም ተሳፈርን። ጥላነሽ ባሕር ዳርን ተወችው እንጂ ስፌቱን አልተወችም፤ የስፌት መኪና ገዝታ በራሷ ቤት ልትሰፋ፣ ሁለት ልጃገረዶች ልታስተምርም አስባለች። ከተማውን ሳንወጣ መኪናው የሚቀመጠው የት ቤት ነው በሚል ክርክር ተጀመረ። ወይዘሮ ሥራነሽ እኔ ቤት፣ ልጅቷን እያየሁ አሉ፤ ጥላነሽ ልጄን የሚያዩልኝ እንደ ሞግዚት ነው ወይ አለቻቸው፤ ሞግዚት የሚለውን ቃል ሲሰሙ የተናጋሪዋን ነገር ከመጀመሪያው ጀመሩት። አማኑኤል ስንደርስ አልጨረሱም ነበር። መንግስቱ ልጅቱን ታቅፎ አውቶብሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ማንኛቸው ቀድመው እንደሚወርዱ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖሩ፤ ወይዘሮ ሥራነሽ እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀን አልተስማሙም፣ አንድ ቀንም አልተለያዩም። እኔም ቀስ በቀስ ከግማሽ በላይ ወደ አሮጊቷ ወገን ሳልሄድ አልቀረሁም። ስለ አሥራ አንድ ዓመቷ ሙሽራ ግን አሁንም ከተናጋሪዋ ጋር ነኝ።

አንድ ጊዜ፣ አማቷን ቀብረን በተመለስን ሰሞን፣ ጥላነሽን ባሕር ዳር አልሄድኩም ብለሽ ይቆጭሻል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የስፌት መኪናዋን ዘይት እየቀባች ነበር።

«አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል» አለችኝ። «ግን እምቢ ማለት እየቻልኩ ነው የመጣሁት።»